ያረጀ ጣፋጭ ወይን ስኳሩ ይጠፋል?

በፈረንሳይ፣ ከቦርዶ በስተደቡብ በሶተርን፣ ሻቶ ዲኬም የሚባል የወይን እርሻ አለ። በ1855ቱ የቦርዶ ደረጃ ከጣፋጭ ወይኖች ሁሉ በላይ ብቻውን የተቀመጠ ነው። ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከሻጋታ ነው (አዎ፣ ሆን ተብሎ!)። ሻጋታው የፍሬውን ልጣጭ ይበሳዋል፣ ውሃው ይተናል፣ ስኳሩ ይቀራል።

ወይኑ አሥርተ ዓመታት ሲቆይ ከወርቃማነት ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ምላስ ላይም ጣፋጭነቱ የቀነሰ ይመስላል። ይመስላል እንጂ ስኳሩ የትም አልሄደም። በ1 ሊትር ከ120 እስከ 150 ግራም ገደማ አለው። 100 ሚሊ ሊትር ጠጡ ማለት 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ወሰዱ ማለት ነው።

ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ካላችሁ ግን እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ አልኮሉ ነው፤ 14 በመቶ ገደማ ነው። አልኮል ጉበት ስኳር እንዳያመርት ያግደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍ ያለው ስኳር ከሰዓታት በኋላ፣ እንቅልፍ ላይ እያላችሁ ሊወርድ ይችላል። ሰውየው ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲቀባጥር ቤተሰብ "ሰክሮ ነው፣ ይተኛ" ይላል። እንዳትተዉት! ስኳሩን ለኩት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት።