ቀይ ቀለምና ትልቁ ፊደል

ጥያቄ፦ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሳይኖረው ይነበባል፤ እንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላትና ይህን ሁሉ ሥርዓተ ነጥብ ለምን ፈለገ? ጌጥ አይደለም?

መልስ፦ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ቢቀር ትርጉም ባላጎደለ ነበር። «ትናንት ተስፋ መጣ» ብለው ቢጽፉ፣ የመጣው ሰው ይሁን ምኞት ከዙሪያው ካልሆነ አይለይም፤ እንግሊዝኛ ግን የቃሉን መነሻ ፊደል ትልቅ አድርጎ የሰው ስም መሆኑን ለዓይን ይነግራል። ነገሩ ለእኛም ባዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር፤ የመጽሐፍ መክፈቻ መስመሮችንም እንዲሁ። ስምና ጅማሬ፤ የትልቁም ፊደል ዋና ሥራ ይኸው ነው (ቀዩ ለክብር፣ ያኛው ለማንም ስም መሆኑ ሳይዘነጋ)።

«ሲነገር ትልቅ ፊደል መች ይሰማል?» ይሉ ይሆናል። በንግግር ዜማና ትንፋሽ አለ፤ ወረቀት ላይ የሚተካቸው ምልክት ነው። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የመዘገበበትን የእንግሊዝኛ ስም (Rock-Hewn Churches, Lalibela) ይመልከቱ፦ «ሮክ» እና «ሂውን» በአጭር ጭረት ተያይዘው አንድ ቅጽል ሆነዋል፤ ነጠላ ሰረዟም «ላሊበላ»ን የቦታ ስም አድርጋ ለብቻው አቁማዋለች። የትልቅ ፊደል አጠቃቀም ልማድ መሆኑ አይካድም፤ ጀርመንኛ የነገር ስምን ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። እኛም ቃል ከቃል የምንለይበትን ሁለት ነጥብ ለባዶ ቦታ አስረክበናል፤ መለየቱን ግን አልተውንም።