የጤና ትምህርት፦ ከመስማት እስከ ማድረግ

ስለ ኤች አይ ቪ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ከባድ ነው። በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤት ክበባት፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ በቤተ እምነቶች ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ሆኖም በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ስለ ቫይረሱ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው 20 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 38 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። የተሟላ የተባለው የሐኪም ዕውቀት አይደለም። ኮንዶም መጠቀምና አንድ ለአንድ መወሰን እንደሚከላከሉ ማወቅ፣ ጤነኛ የሚመስል ሰው ቫይረሱ በደሙ ሊኖር እንደሚችል መረዳት፣ በትንኝ ንክሻ ይተላለፋል የሚለውን ዓይነት የተሳሳተ ወሬ አለመቀበል ነው። ሁሉም ሰምቷል፤ ብዙው ግን በልኩ አልጨበጠም።

ከዚህ ቁጥር የምነሣው የመንግሥት የጤና ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚለካው በተነገረው መጠን ስለሆነ ነው፦ ስንት ሰው ተሰበሰበ፣ ስንት በራሪ ወረቀት ተበተነ። የሚታየኝ መለኪያ ሌላ ነው። ሌሊት ልጇን ትኩሳት የያዘባት እናት እስኪነጋ ልትጠብቅ ወይስ ተሸክማው ልትሮጥ እንደሚገባት መለየት ትችላለች? የታዘዘለት ኪኒን ያልገባው አዛውንት መልሶ ለመጠየቅ ይደፍራል? የጤና ግንዛቤ ማለት መረጃ ማግኘት ብቻ ሳይሆን መረዳት፣ መጠየቅና በተረዱት መሠረት መወሰን መቻል ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የሠራችው ትልቁ ሥራ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። መነሻ ሐሳቡ ለገበሬው አዲስ አሠራር እማሳው ድረስ ሄዶ ከሚያሳየው የግብርና ኤክስቴንሽን ጋር ይዛመዳል። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ ተመልምለው ለአንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። የሚያስተምሯቸው ነገሮች መጀመሪያ ላይ 16 ፓኬጆች ነበሩ፦ ከመጸዳጃ ቤት አሠራርና ከቆሻሻ አወጋገድ አንሥቶ ክትባትን፣ ቤተሰብ ምጣኔን፣ ወባንና የሳንባ ነቀርሳን ያካትታሉ።

የፕሮግራሙ ብልሃት ከርእሶቹ ይልቅ በአሰጣጡ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ከጊዜዋ ሦስት አራተኛውን ከጤና ኬላው ወጥታ ቤት ለቤት እንድታሳልፍ ታሰበ። ለመለወጥ ፈጣን የሆኑ ቤተሰቦች በድምሩ 96 ሰዓት ሠልጥነው፣ የተማሩትን በገዛ ግቢያቸው ሲተገብሩ «ሞዴል ቤተሰብ» ተብለው ይመረቃሉ። ጎረቤት የሚያየው ፖስተር ሳይሆን የነእከሌን ግቢ ነው። መሬቱ ያው፣ ገቢው ያው፣ ኑሮው ያው የሆነ ሰው ከቻለ እኔም እችላለሁ ለማለት ይቀላል።

ተቅማጥን ብንወስድ ልዩነቱ ይገባናል። «ልጅዎ ተቅማጥ ሲይዘው ኦ አር ኤስ ይስጡት» የሚለውን መልእክት ማንም በቃሉ ሊይዘው ይችላል። እናቲቱ ግን ማወቅ ያለባት ከዚያ በላይ ነው። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ውኃው ካነሰ ጨውነቱ በዝቶ ልጁን ይጎዳል፤ ከበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። ቤቷ ውስጥ ሊትር የሚለካ ዕቃ ከሌለ መልእክቱ እዚያው ይቆማል። ሠራተኛዋ አጠገቧ ተቀምጣ የአንድ ሊትሩን ሃይላንድ ከመደቡ ሥር አውጥታ እስከ አፉ ስትሞላ፣ ከዚያም እናቲቱ ራሷ በጥብጣ እንድታሳይ ስታደርግ፣ ትምህርቱ እጅ ውስጥ ይገባል። ብጥብጡ ተቅማጡን ወዲያው እንደማያቆም፣ ሥራው ከሰውነት የወጣውን ፈሳሽ መተካት መሆኑንም ማስረዳት ግድ ነው። ይህ ካልተነገራት «አልሠራም» ብላ በማግስቱ ትጥለዋለች፤ ጥፋቱም የእሷ አይሆንም።

ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ2000 ከሺህ ልጆች 166 የነበረው በ2016 ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ ክትባት፣ አጎበር፣ የኑሮ መሻሻልም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉን ለአንድ ፕሮግራም መስጠት ልክ አይሆንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ እግር ያልደረሰበት ቤት ግን ክትባቱም አጎበሩም በቀላሉ ባልደረሰው ነበር።

የወሊድ ጉዳይ የበለጠ ያስተምራል። በ2011 በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። በቤታቸው የወለዱት ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ከአሥሩ ስድስቱ ያህል «አስፈላጊ አይደለም»፣ ሦስቱ ያህል «ልማዳችን አይደለም» ብለው መለሱ። ይህን መልስ ያነበበ ባለሥልጣን «ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ ስብከቱን ሊያጠናክር ይችል ነበር። ልማድ ግን ምክንያት አለው። በቤቷ የምትወልድ ሴት እናቷ አጠገቧ ነች፤ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ እንደ እምነቷ ጸሎት ይደረግላታል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ብቻዋን በማታውቀው ሰው ፊት ልትራቆት ነው፤ መንገዱም በቃሬዛ የሰዓታት ጉዞ ነው። በብዙ ቦታ ለውጥ የመጣው ትምህርቱና አገልግሎቱ አብረው ሲሻሻሉ ነው። ነፍሰ ጡሮች ከአዋላጇ ጋር የሚመካከሩበት ኮንፈረንስ ተጀመረ፤ ቀናቸው የደረሰ ሴቶች የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ተሠራ፤ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ገንፎ መገንፋት ተለመደ፤ ለወረዳዎች አምቡላንስ ተከፋፈለ። በተቋም የሚወልዱት በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 በመቶ ደረሱ። ሕዝቡ ስለ ጤና ተቋሙ ሲማር፣ ተቋሙም ስለ ሕዝቡ መማር ነበረበት።

ሁሉንም ጉዳይ በቤተሰቡ ዕውቀት ላይ መጫንም አይገባም። በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙት ቤተሰቦች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ግን 89 በመቶ። በመካከሉ ሕዝቡ ሁሉ አዮዲን ሲያንስ ስለሚመጣው እንቅርት አልተማረም። ለምግብ የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በመንግሥት ደንብ ተደነገገ፤ አፍዴራን በመሳሰሉ የጨው ምንጮች ዘንድ ሥራው ተሠራ። በምንጩ ሊስተካከል የሚችለውን ነገር ድሃዋ እናት ገበያ ላይ እንድትለየው መተው ትምህርት አይባልም።

ትምህርት ወደ ኮታ ሲለወጥ ደግሞ ምን እንደሚሆን መጸዳጃ ቤቶቹ ያሳያሉ። ጎረቤቶችን በትንንሽ ቡድን በሚያደራጁት በአንድ ለአምስት አደረጃጀትና በሴቶች ልማት ሠራዊት ብዙ መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል። ለሪፖርት የተቆፈረ፣ ክዳንም የእጅ መታጠቢያም የሌለው፣ ክረምት ሲገባ የሚደረመስ ጉድጓድ ግን ማንንም ከበሽታ አይጠብቅም። ቁጥር የሚጠየቅ ካድሬ ቁጥር ያመጣል፤ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባው ገበሬ ግን የተደረመሰውን ራሱ መልሶ ይቆፍራል።

አሁን በተለይ በከተማ ያለው ፈተና መልኩን ቀይሯል። ደም ብዛትና ስኳር እየተስፋፉ ነው፤ እነዚህ በአንድ መርፌ ወይም በአንድ ሳምንት ኪኒን አይሸኙም። የደም ብዛት መድኃኒት ጀምሮ ልኬቱ ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቆም ሰው ሞኝ አይደለም፤ እስካሁን የተማረው መድኃኒት ሁሉ ሲሻል የሚቆም ነውና። ግፊቱ የወረደው ኪኒኑን ስለሚወስድ መሆኑን፣ ሕመም ሳይሰማውም ኩላሊቱና አንጎሉ ሊጎዱ እንደሚችሉ ቁጭ ብሎ ያስረዳው የለም። በአዲስ አበባ የቤተሰብ ጤና ቡድን ቤት ለቤት መሄዱ፣ የጤና ሚኒስቴር በ952 ነፃ የስልክ ምክር መስጠቱ መልካም ጅምር ናቸው። ውሳኔው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ፖስታው ላይ «1×3» ይጻፋል፣ ማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ሕመምተኛው «ገባኝ» ብሎ ይወጣል።

«ገባዎት?» ለሚል ጥያቄ ባለሙያን የሚያከብር ሰው ሁሉ አዎ ይላል። «እማማ፣ እስኪ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ቢባሉ ግን ያልገባቸው እዚያው ይታያል፤ ስሕተቱም የአስረጂው ተደርጎ ይታረማል። ይህ ዘዴ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ስለዚህ በመስኮቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ባለሙያ መመደብ፣ መመሪያውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም አካባቢው በሚናገራቸው ቋንቋዎች ማተም፣ ማንበብ ለማይችሉት የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ፖስታው ላይ ማኖር የበጀት ጉዳይ ነው። የጤና ቢሮዎች በየሩብ ዓመቱ ስንት ሰው እንዳስተማሩ ሲጠየቁ፣ ከመስኮቱ ዘወር ካሉት ሕመምተኞች ጥቂቶቹን በዕጣ አስቁመው ስንቱ መድኃኒቱን በትክክል እንደሚወስድ አብረው ሊጠየቁ ይገባል።