ኮፒ ሳታደርጉ አትቁረጡ!

ዛሬ ስለ ፊልም ኤዲቲንግ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ክበባችን ሽሮ ሜዳ ሸማ ስለሚሠሩ አንድ አባት አጭር ፊልም በስልክ ቀረጸ። ኤዲት የማደርገው እኔ ነበርኩ። ስልኩ ሲሞላብኝ የማያስፈልጉ የመሰሉኝን ቪዲዮዎች አጠፋሁ። ለካ አባባ መወርወሪያውን ሲወረውሩ የሚታየው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር!

እያፈርን ተመልሰን ሄድን። አባባ ስቀው፣ «እኔም ክር ሲበጠስብኝ እቀጥላለሁ» አሉንና ደግመው ሠሩልን።

ስለዚህ ኤዲት ስታደርጉ፦
1ኛ. መጀመሪያ ሁሉንም ቪዲዮ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ።
2ኛ. ሳትቆርጡ ሁሉንም እዩና ቅደም ተከተሉን ደብተር ላይ ጻፉ።
3ኛ. ድምፁ ስለ ሽመና ሲያወራ ምስሉም ሽመና ያሳይ።

የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ሳንኮፋ» ርዕሱ በጋና አካን ቋንቋ «ተመልሰህ አምጣ» ማለት ነው። እኛም ተመልሰን አመጣን፤ ሁልጊዜ ግን አይገኝም!