የአሮጌ ላንድሮቨር የበር መስታወት ቦይ አጠጋገን

ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም በሚያደርሰው መንገድ የሚመላለስ፣ መስታወቱ ወደ ጎን የሚንሸራተት አሮጌ ላንድሮቨር ካለዎት ችግሩን ያውቁታል። በክረምት ውሃው ጭን ላይ ይንጠባጠባል፤ በበጋ መስታወቱ አልንቀሳቀስ ይላል። ጥፋቱ የመስታወቱ ሳይሆን የሚሄድበት ቦይ ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት አጥሮ ስለነበር ገላው በአሉሚኒየም ተሸፈነ። የበሩ ላይኛ ፍሬምና ቦዩ ግን ብረት ናቸው። ቦዩ ውስጥ የተነጠፈው ሱፍ ውሃ አቁሮ ብረቱን ከስር ይበላዋል።

ሥራውን ዝናብ በሌለበት በጥር ይጀምሩ። የበሩን ላይኛ ግማሽ የያዙት ዳዶዎች ከዛጉ ናፍጣ ቀብተው ያሳድሯቸው፤ በጉልበት ቢታገሏቸው ብሎኑ ይቆረጣል። ፍሬሙን ብርድ ልብስ ላይ አጋድመው የቦዩን ብሎኖች ይፍቱ፤ ጭንቅላታቸው የተበላውን በመሰርሰሪያ ያውጡ። ከዚያ መስታወቱንና ቦዩን አብረው በቀስታ ይሳቡ።

አሮጌውን ሱፍ ፍቀው ብረቱን በካቻቢቴ ይውጉት። ካልበሳው በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይበቃል። ከበሳው አዲስ ቦይ ያሳጥፉ፤ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዚንክ የተነከረ ላሜራ ይሆናል። የውስጥ ስፋቱ የመስታወቱ ውፍረት፣ የሁለት ጎን ንጣፍና ግማሽ ሚሊ ሜትር ተደምሮ ነው። ይህን ልክ ቸል ያለ ሰው መስታወቱን ይሰነጥቃል።

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ቀጣዩን ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ሥራ እሱ ነው። በታችኛው ቦይ ጫፍና ጫፍ፣ መሃሉም ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ቀዳዳው ፍሬሙንም አልፎ ውሃውን ወደ ውጭ ያውጣ። ከዚያ ቦዩንም ፍሬሙንም፣ የቀዳዳዎቹን ከንፈር ጭምር፣ ጸረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብተው በደንብ ያድርቁ።

ለንጣፍ፣ ባናና በርኖስ በሚሠራበት በወሎ ደጋ ያረጀ በርኖስ ቆርጦ መለጠፍ ያምራል። አልመክርም፤ ሱፍ እርጥበት ይወዳል። ስስ የመኪና ሞኬት በማስቲሽ ይለጥፉ፤ ቀዳዳዎቹን አይድፈኑ። ግራሶ አቧራ ስለሚሰበስብ ሻማ ይሹበት።

ገጥመው ሲጨርሱ አንድ ጆግ ውሃ መስታወቱ ላይ ያፍሱ። ውሃው በውጭ በኩል ካልወረደ፣ ክረምት ሳይገባ መልሰው ይፍቱት።