ልጅ ይዞ መጠለል ልመና አይደለም

ይድረስ ለእትዬ፣

እኔ ከጃናሞራ ነኝ፤ ዕድሜዬ 29 ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። መካከለኛው ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ትኩሳት አልለቅ አለው፤ ፊቱ ገረጣ፤ ድዱ ይደማ ጀመር። ጤና ጣቢያ ብንወስደው ወደ ደባርቅ ላኩን፤ ከደባርቅ ደግሞ ሪፈር ተጽፎልን ጎንደር ገባን። እዚህ ከመቅኔው ወስደው መረመሩና የደም ካንሰር ነው አሉን።

ከአንድ ወር በላይ ተኝቶ ታከመ። እኔም ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፌ እያደርኩ አስታመምኩት። አሁን ተመስገን ፊቱ ተመልሷል፤ ይጫወታል፤ እንጀራ ይበላል። ሐኪሙ ግን «ሕክምናው ገና ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ ይሄዳል። ለጥቂት ወራት ከጎንደር አትራቁ፤ በየሳምንቱ እየመጣ መድኃኒት ይወስዳል» አለኝ። አልጋ ለቀቅን።

አዘዞ ያለችው የባለቤቴ እህት ተቀበለችን። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ አራት ልጆች አሏት። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ወር ሲሞላን ፊቷ ተለወጠ። አንድ ቀን ለጎረቤቷ «እኔስ ምን አለኝና ነው የማበላቸው?» ስትል ሰማኋት። አልፈርድባትም፤ ግን ከዚያ ወዲህ እህሉ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

አንዲት ነርስ በጎ አድራጊዎች ለታመሙ ልጆችና ለእናቶቻቸው የተከራዩት ማደሪያ እንዳለ ነገረችኝ። ለባለቤቴ በስልክ ብነግረው ተቆጣ። «ሚስቱ ጎንደር ለምና አደረች ሊያሰኙኝ ነው? ልጁ ድኗል፤ ይዘሽው ነይና ጸበል ይጠመቅ» አለኝ። ሲበርድለት ደግሞ የቀረውን በሬ ሸጦ ቤት ሊከራይልኝ ያስባል፤ አንዱን አስቀድመን ሸጠናል። የ2 ዓመቷ ልጄ አያቷ ጋ ናት፤ ድምፄን በስልክ ስትሰማ ታለቅሳለች።

እትዬ፣ የቱ ይሻለኛል? አዘዞ ልቆይ? ማደሪያው ልግባ? ወይስ ልጄን ይዤ አገሬ ልግባ?

አስታማሚ እናት፣ ከጃናሞራ

እህት ዓለም፣

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። አገርሽ አትመለሺ፤ በሬው አይሸጥ፤ ነርሷ ወደነገረችሽ ማደሪያ ግቢ። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ፤ ለባለቤትሽም አንብቢለት።

የልጅሽ ፊት መመለሱ ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። መዳን ግን ገና ነው። የመጀመሪያው ወር ሕክምና የደም ካንሰሩን ከዓይን ይሰውረዋል፤ ሥሩን የሚያደርቁት ከዚያ በኋላ ያሉት ረጅም ወራት ናቸው። ሰርዶን ታውቂዋለሽ፤ ላይ ላዩን ታጭዶ ሥሩ ከቀረ ማሳውን ሞልቶ ይመለሳል። ሕክምናው ተቋርጦ ያገረሸ የደም ካንሰርም ሁለተኛ ጊዜ ለመድኃኒት እጅግ ያስቸግራል።

ሀብታም በሚባሉት አገሮች ካንሰር ከያዛቸው 100 ልጆች ከ80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። እንደኛ ባሉ አገሮች ቁጥሩ በጣም ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ሕመሙ ዘግይቶ መታወቁ፣ መድኃኒት ማነሱና የተጀመረ ሕክምና መቋረጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2030 ድረስ በዓለም ዙሪያ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ግብ ሲያስቀምጥ፣ ሕክምና ማቋረጥ ከዋነኞቹ እንቅፋቶች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነበር። ወላጅ ሕክምና የሚያቋርጠው ልጁን ስለማይወድ አይደለም። የመኪና ሲያጣ፣ ማደሪያ ሲያጣ፣ በቤት የቀሩት ልጆች ሲራቡበት ነው ይዞ የሚመለሰው።

ሌላም አለ። መድኃኒቱ በሽታን የሚዋጋውን ነጭ የደም ሕዋስ ያወርደዋል። በዚያ ጊዜ የልጁ ሰውነት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተኮሰ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ትኩሳት ማብረጃ ሰጥቶ ማሳደር ሕይወት ያስከፍላል። አሁን አስቢው፦ ትኩሳቱ ሌሊት እዚያ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አካባቢ ቢጀምረው የቧሂትን ተራራ በጉምና በውርጭ ተሻግረሽ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘሽ ጎንደር ልትደርሺ ነው፤ ያውም መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት በዚህ ዘመን። ሐኪሙ «ከጎንደር አትራቁ» ያለሽ ለዚህ ነው። ማደሪያው እንግዲህ እንደ መርፌውና እንደ ኪኒኑ የሕክምናው አካል ነው።

ባለቤትሽን ያሳፈረውን ነገር እንይ። ጎንደር ስንት ዘመን የሩቅ አገር ልጅ ስታሳድር የኖረች ከተማ ናት። አቋቋም ሊማር ወደ በአታ ቤተ ክርስቲያን የመጣው ተማሪ ከጎጃም ይምጣ ከላስታ፣ ደበሎውን ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቆሟል፤ የጎንደር እናቶችም ቁራሽ ሰጥተው አስተምረውታል። ያ ተማሪ መሪጌታ ሆኖ አገሩ ሲገባ ለማኝ ያለው የለም። ባለቤትሽ ያጥቢያውን መሪጌታ ይጠይቅ፤ በማን እንጀራ እንደተማሩ ይነግሩታል። ለዕውቀት የመጣ ካላፈረ ልጁን ሊያድን የመጣ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ይህ ችግር የድሃ ብቻም አይደለም። አሜሪካ ፊላዴልፊያ ውስጥ አንድ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ሴት ልጁ በደም ካንሰር ታማ ሲያስታምም፣ ከሩቅ የመጡ ወላጆች ሆስፒታሉ ውስጥ ወንበር ላይ ሲያድሩ አየ። እሱ፣ የቡድን ጓደኞቹና አንዲት የልጆች ካንሰር ሐኪም አስተባብረው በ1967 ዓ.ም. ከልጆች ሆስፒታል አቅራቢያ አንድ ማደሪያ ቤት አስከፈቱ። ዛሬ ሮናልድ ማክዶናልድ በሚል ስም የሚታወቁት እንዲህ ያሉ ቤቶች በብዙ አገሮች አሉ። እኛም አገር አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ማቲዎስ የተባለ ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በስሙ የካንሰር ማኅበር አቋቁመዋል፤ ማኅበሩ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ሕሙማን አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ ይሰጣል። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅትም በዚያው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚታከሙ ልጆችና ለወላጆቻቸው ማደሪያ ከፍቷል። እነዚህን ቤቶች የሠሯቸው መንገዱን ራሳቸው ያለፉ ወላጆች ናቸው። ደጃቸውን ስታንኳኪ የሚከፍትልሽ ሕመምሽን የሚያውቅ ሰው ነው።

በሬውን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ በመቀናጆ ያርሳል፤ ምንም በሬ የሌለው ግን መሬቱን ለሌላ ይሰጣል። የበሬው ዋጋ በጎንደር የቤት ኪራይ በጥቂት ወራት ያልቃል፤ ሕክምናው ግን ከሁለት ዓመት በላይ ነው። ያ በሬ አገር ቤት የቀሩት ልጆችሽ እንጀራ ነው። ባለቤትሽ ወንፈል ይጠይቅ፤ ለዕድሩም ይንገር፤ ዕድር ለቀብር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። የጤና መድን ካላችሁ መዋጯችሁም በወቅቱ ይታደስ። መድኑ ትራንስፖርት፣ ምግብና ማደሪያ አይከፍልም፤ ሕክምናውን ግን ይዞላችኋልና ጊዜው እንዳያልፍበት። ከውጭ ፋርማሲ የገዛችሁትን መድኃኒት ደረሰኝ አስቀምጪ፤ የሚመለስ ገንዘብ ካለ የወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ይነግራችኋል።

ባለቤትሽን በስልክ አትሟገቺው። የተቆጣው ስለፈራ ነው፤ ወንድ ልጅ ደግሞ ፍርሃቱን መናገር አልተማረም። «አንድ ቀጠሮ ላይ አንተ ይዘኸው ግባ፤ ሐኪሙን ራስህ ጠይቀው» በይው። መምጣት ካልቻለ ሐኪሙ ወይም ነርሷ በስልክ እንዲያስረዱት ለምኛቸው። ቢመጣ ደግሞ ማደሪያውን ይየው። ደንቡ ከፈቀደም እሱ ጥቂት ቀን ያስታምም፤ አንቺ ሄደሽ ትንሿን ልጅሽን እቀፊያት፤ ትንፋሽም ታገኛለሽ። አስታማሚ ሲወድቅ በሽተኛው አብሮ ይወድቃል።

የባለቤትሽን እህት ስትለዪያት በምስጋና ይሁን። የሰማሽውን አታንሺባት። በአንዲት ክፍል አራት ልጅ እያሳደገች አንድ ወር ማሳደር ትልቅ ውለታ ነው፤ ፊቷን ያጠቆረው ድህነት እንጂ ጥላቻ አይደለም። «ለሆስፒታሉ የቀረበ ቦታ አግኝተናል፤ እግዜር ይስጥልን» ብለሽ ውጪ። አንዳንድ ቀን ልብስ እንድታጥብልሽ ወይም ልጁ አጠገብ እንድትቀመጥልሽ ጠይቂያት፤ ደስ ብሏት ታደርገዋለች። ዝምድናውም ይተርፋል።

ወደ ማደሪያው የምትገቢው በሆስፒታሉ በኩል ይሁን። የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል፣ ሶሻል ወርከር የሚሏቸው ሠራተኞች አሉ፤ ነርሷ ትውሰድሽና ያስመዝግቡሽ። የሪፈር ወረቀቱን፣ የቀጠሮ ካርዱን፣ የጤና መድን ደብተሩንና የቀበሌ መታወቂያሽን ያዢ። በር ላይ ወይም መናኸሪያ ላይ «ማደሪያ አለ፤ ላሳይሽ» የሚልሽን የማታውቂውን ሰው አትከተዪ። ገብተሽ እነዚህን ጠይቂ፦ ስንት ጊዜ መቆየት ይቻላል? በቀጠሮ መካከል አገር ደርሶ መመለስ ይፈቀዳል? ማብሰያ አለ? ማታ ትኩሳት ቢነሳ ማን ይጠራል? በምን መኪና ይደረሳል?

በማደሪያው ውስጥ ብዙ ቤተሰብ አብሮ ይኖራልና ንጽሕና ላይ አትዘናጊ። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ልጁ የሚጠጣው ውኃና ወተት የፈላ፣ ምግቡ የበሰለና ትኩስ ይሁን፤ የሚያስል ሰው አይጠጋው። ኩፍኝ፣ ጉድፍ ወይም ሌላ ሽፍታ የወጣበት ልጅ ካየሽ ቶሎ ለነርሷ ንገሪ። የ2 ዓመቷ ልጅሽም ልትጠይቃችሁ ስትመጣ ከጉንፋንና ከሳል ነጻ ትሁን።

ስለ ጸበሉ፣ ጸበልንና መድኃኒትን ማጣላት አያስፈልግም። የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፤ ወይም ጎንደር ያሉ አንድ ቄስ ማደሪያው ድረስ መጥተው ይጸልዩለት። ቅዝቃዜው፣ የሕዝቡ ብዛትና ያልፈላ ውኃ ሕዋሱ በወረደበት ሳምንት ሊጎዳው ስለሚችል፣ መቼ መጠመቅና መጠጣት እንደሚችል ሐኪሙን ጠይቂ። ልጅሽ ታማሚ ነውና ወደፊት ሰባት ዓመት ሲሞላውም ማንም እንዲጾም አያስገድደው።

አንድ ነገር ደግሞ ያጽናናሽ። ሩቅ ባልሆነ ዘመን እንዲህ ያለው ልጅ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ካልደረሰ ሕክምና አያገኝም ነበር። ዛሬ ሐኪሙም መድኃኒቱም ጎንደር አለ። የቀረሽ መሰንበቻ ነው፤ እሱም ተገኝቷል።

እናንተ ይህን የምታነቡ የጎንደር ሰዎች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ከሆስፒታላችሁ ጋር የሚሠራው የጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ የተቋቋመውም ወባ ደንቢያ ላይ ሺዎችን በጨረሰ ማግስት ነው። ሕክምናን ወደ ሕዝቡ በማቅረብ ከተማችሁ የቆየ ታሪክ አላት። በየጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡር እናቶች ማቆያ ተሠርቶ ብዙ እናቶች ከሞት ተርፈዋል፤ ለታመመ ልጅ አስታማሚም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። በሆስፒታሉ ዙሪያ ቤት የምታከራዩ፣ ከክፍሎቻችሁ አንዷን በቅናሽ ወይም በነጻ ስጡ። ዕድሮችና የጽዋ ማኅበራት፣ በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ማደሪያ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ሳሙናና ከሰል ላኩ። ባጃጅ ያላችሁ፣ ሌሊት ትኩሳት የያዘውን ልጅ ያለ ክፍያ ለማድረስ ስልካችሁን ለማደሪያው ስጡ። ከየት እንደምትጀምሩ ካላወቃችሁ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ጠይቁ፤ ዛሬ ማታ ማደሪያ ያጣች እናት ካለች እነሱ ያውቋታል።