የአንድ ሰው ጨዋታ ለብዙዎች ይሁንን?

በለቡ መብራት ኃይል የጌም ቤቶች ወጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው ኳስ ይጫወታሉ፤ ታሪክ ያለው የአንድ ሰው ጨዋታ ግን ጓደኛን ተመልካች ስለሚያደርግ ፈላጊው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «ለጨዋታ ሁሉ የብዙ ሰው ክፍል ይጨመርለት» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ነገሩን የሚወስነው የጨዋታው ሕግ ነው። ገበጣ ያለ ተጋጣሚ ገበጣ አይሆንም። ቴትሪስ በ1984 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለአንድ ሰው ተሠራ፤ በ1989 ግን በጌም ቦይ ሁለት መሣሪያዎች በሽቦ ሲያያዙ፣ ብዙ መደዳ በአንድ ጊዜ ያጠፋ ተጫዋች በባላጋራው ላይ ሸክም ይጨምርበት ጀመር። ሕጉ ሁለተኛውን ሰው ያለ ችግር ተቀበለው።

የታሪክ ጨዋታ እንዲህ አይደለም፤ ፍርሃቱም ኀዘኑም የሚሰማን ብቻችንን ስንሆን ነው። ኖቲ ዶግ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2013 ባወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» የብዙ ሰው ክፍል አስገብቶ ነበር፤ ወዳጆችም ማግኘቱን አልክድም። ዳሩ ግን ያንኑ አስፋፍቶ ለብቻው ሊያወጣ ለዓመታት ከደከመ በኋላ በ2023 መጨረሻ አቋረጠው። ምክንያቱንም ሲገልጥ፣ ጨዋታው ከወጣ በኋላ ዘወትር አዲስ ነገር ማቅረብ የድርጅቱን ኃይል ሁሉ እንደሚወስድና የአንድ ሰው ጨዋታዎቹን እንደሚጎዳ አስታወቀ።

ከእኛም መካከል ነገ ጨዋታ ለመሥራት የሚያስቡ አሉ፤ ኃይላቸውም ከዚያ ድርጅት እጅግ ያነሰ ነው። የአገራችን ቅኔ ጌምስ በሠራው በ«ኩኩሉ» አንዲት ዶሮ ከገበሬ ትሸሻለች፤ ተጋጣሚ ሲያስፈልገው ደግሞ ገበጣን ራሱን ወደ ስልክ አመጣው።