ከዓለት የሚወጣ ጋዝ፦ ጥቅሙና ዋጋው

አንድ ሥራ እንጀራ ስለ ሰጠ ብቻ መልካም ነው አይባልም፤ ጉዳት ስላለውም ብቻ ክፉ ነው ተብሎ አይፈረድበትም። ሁለቱን በሚዛን ማየት ይገባል። በዚህ ትምህርት በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያ ግዛት ዓለት እየተሰነጠቀ የሚወጣውን የተፈጥሮ ጋዝ እንመለከታለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. አሠራሩ

ጉድጓዱ አስቀድሞ ቁልቁል፣ ቀጥሎም ወደ ጎን ይቆፈራል። አሸዋና ኬሚካል የተቀላቀለበት ብዙ ሚሊዮን ሊትር ውሃ በብርቱ ግፊት ሲገባ ዓለቱ ይሰነጠቃል። አሸዋው ስንጥቁ እንዳይዘጋ ይይዘዋል፤ ጋዙም ይወጣል።

2. ጥቅሙ

መሬቱን ያከራየ ገበሬ ገንዘብ ያገኛል፤ ዕዳ ለከበደው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2012 ጀምሮ ኩባንያዎች በየጉድጓዱ የሚከፍሉት ገንዘብ ለአካባቢ አስተዳደሮችም ይከፋፈላል። ብዙ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ከድንጋይ ከሰል ወደ ጋዝ በመዞራቸው የጭሱ ጉዳት ቀንሷል።

3. ጉዳቱ

በዲሞክ ቀበሌ የግዛቱ መንግሥት በ2009 ሚቴን ጋዝ በነዋሪዎች የውሃ ጉድጓዶች መግባቱን አረጋገጠ። በ2023 የወጣው የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጋዝ በሚወጣባቸው ጉድጓዶች አጠገብ በሚኖሩ ሰዎች ላይ አስም እንደሚብስ፣ በሕፃናትም ዘንድ ሊምፎማ የተባለው ካንሰር በዝቶ እንደሚታይ ገለጠ፤ ከሕፃናት የደም ካንሰር ጋር ግን ግንኙነት አላገኘም። ከዚህም ሌላ፣ ወደ አየር የሚያመልጠው ሚቴን ምድርን ያሞቃል።

4. ሚዛኑ

ጎረቤቲቱ ኒው ዮርክ ያው ዓለት ከሥሯ ሳለ የጤናውን ጉዳይ አስጠንታ በ2014 ሥራውን እንደምትከለክል አስታወቀች፤ ፔንስልቬንያ ግን ቀጠለች። ልብ እንበል፤ የኪራዩ ገንዘብ ውል ለፈረመው ይደርሳል፤ የተበከለ ውሃ ግን አጥር አያውቅምና ያልፈረመውም ጎረቤት ይጠጣዋል። ስለዚህ «ጥቅሙ ይበልጣልን?» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «ጥቅሙ ለማን፣ ጉዳቱስ በማን ላይ?» ብለን ልንጠይቅ ይገባል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው ጥናቱ ከሥራው እንዲቀድም፣ የአካባቢውም ነዋሪ ድምፅ እንዲሰማ ያስተማሩት ስለዚህ ነው።

ለውይይት

ሀ. ጎረቤት የሚጎዳ ከሆነ፣ ባለመሬት በመሬቱ ላይ ያለው መብት እስከ ምን ድረስ ነው?
ለ. በእኛ አካባቢ ጥቅሙ ለአንዱ፣ ጉዳቱ ለሌላው የሚደርስ ምን ሥራ አለ? የተጎጂውንስ ድምፅ ማን ይሰማል?